ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት

ሽመላ አይዋኝም። የልጅነቴን ቅዳሜዎች ሐይቅ ዳር ጨርሼ ይህችን ሳላውቅ 34 ዓመት ሞላኝ። የውሃ ወፍ የሚባል ሁሉ እንደ ዳክዬ ተንሳፍፎ የሚውል ይመስለኝ ነበር። ሽመላ ግን ውሃ ውስጥ የምትገባው በእግሯ ነው፤ ቀሚሷን ሰብስባ ወንዝ እንደምትሻገር ሴት እየተጠነቀቀች ትገባና ውሃው ሆዷ ድረስ ሊመጣ ሲል ትመለሳለች። እኔ የምጽፍላችሁ ባለ ቢጫ መንቁሯ ሽመላ ምግቧን የምትፈልገው አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ውስጥ ነው። በሰው እግር ሲለካ ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ውሃ፣ ሐይቁ የቱንም ያህል ቢሰፋ፣ ዓሣው የቱንም ያህል ቢተራመስበት፣ ለእሷ ከአስፋልት አይሻልም።

ነገሩ የጀመረው ሐኪም ጋ ነው። ባንክ ቤት ተቀምጬ የሰው ገንዘብ ስቆጥር ስለምውል ደሜ ከፍ አለና "በየቀኑ በእግርህ ሂድ" ተባልኩ። ያለ ምክንያት መሄድ ሰለቸኝ፤ ምክንያት ፍለጋ ከአንድ ባልደረባዬ የሩቅ ማያ መነጽር ተዋስኩ። (እስካሁን አልመለስኩለትም፤ ይህን ካነበበ ይቅር ይበለኝ።) ሐረር ውስጥ ወፍ ማየት ትንሽ ያሳፍራል። የሐረር እንስሳ ጅብ ነው፤ ፈረንጁም የሚመጣው ማታ ማታ ከግንቡ ውጭ ጅብ ሲበላ ለማየት ነው። ከወፍ ወገን የሚታወቀው ጭልፊት ነው፤ ጊዲር መጋላ ሥጋ የገዛ ሰው እጁን አጥብቆ ካልያዘ ከሰማይ ወርዶ ይነጥቀዋል። ስለ ሽመላ ግን የሚያወራ የለም። እኔም አላወራም ነበር፤ ያቺን የ40 ሴንቲ ሜትር ነገር እስካነብ ድረስ። ከዚያ በኋላ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ይዤው የኖርኩት አንድ ሂሳብ አልገጥም አለኝ።

ላላያችኋት መልኳን ልንገራችሁ። ቁመቷ አንድ ሜትር ገደማ ነው። ላባዋ ነጭ ሆኖ በመራቢያዋ ወራት ጀርባዋና ክንፏ ላይ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ቀለም ጣል ያደርግበታል። የክንፏ ጠርዝና አጭሩ ጅራቷ ጥቁር ናቸው። ፊቷ ላባ የለውም፤ ፀሐይ የላጠው የሚመስል ቀይ ቆዳ ነው። መንቁሯ ረጅምና ወፍራም ሆኖ ጫፉ ላይ ወደ ታች ጎበጥ ይላል፤ ቀለሙ የእርድ ነው። ጉልበቷ ወደ ኋላ የሚታጠፍ ይመስላል፤ ነገር ግን ያ ጉልበቷ አይደለም፣ ቁርጭምጭሚቷ ነው። ትክክለኛው ጉልበቷ ከፍ ብሎ ላባ ውስጥ ተደብቋል።

ስትመገብ ያየ ሰው የምታድን አይመስለውም። መብራት ሲጠፋ ክብሪት የሚዳብስ ሰው ነው የምትመስለው። መንቁሯን ከፈት አድርጋ ውሃው ውስጥ ትነክረዋለች፤ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ትለዋለች። በአንድ እግሯ ጭቃውን ትቀሰቅሳለች። የተሸሸገችው ዓሣ ደንግጣ ስትወጣ መንቁሩን ከነካች አበቃላት። በአሜሪካ በሚኖረው የቅርብ ዘመዷ ላይ እንደተለካው መንቁሩ የሚገጥመው ሰከንድ ለ1,000 ቢከፈል በ25ቱ እጅ ውስጥ ነው። እኛ ዓይናችንን ለማርገብገብ እንኳ ከዚያ ብዙ እጥፍ ጊዜ ይፈጅብናል። በዓይኗ ስለማትታመን ውሃው ቢደፈርስ ግድ የላትም፤ እንዲያውም ራሷ ናት የምታደፈርሰው።

በዳሰሳ የሚያድን ግን አንድ ችግር አለበት። ዓሣውን ከሩቅ አይቶ አይወረወርበትም፤ ዓሣው ራሱ መጥቶ እንዲነካው ይጠብቃል። ሰፊ ውሃ ውስጥ ተበትኖ የሚኖር ዓሣ ደግሞ በዳሰሳ አይገኝም። መጨናነቅ አለበት። ዓሣ የሚጨናነቀው መቼ ነው? ውሃው ሲያንስ ነው። ዝናብ ሲያባራ፣ የሞላው ሜዳ ወደ ኩሬ ሲሰበሰብ፣ ኩሬውም ከቀን ወደ ቀን ሲጠብ፣ ያኔ የሽመላዋ ገበያ ይደራል። በብዙ የአፍሪካ አካባቢዎች እንቁላል የምትጥለው ዝናቡ ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ወይም በበጋ ነው፤ ጫጩቶቹ አፋቸውን ከፍተው በሚጮሁበት ሰሞን ውሃው እየሸሸ፣ ዓሣው እየተጠራቀመ እንዲሄድ። ለእሷ ሐይቁ ራሱ ብዙም ጉዳይዋ አይደለም። ጉዳይዋ ዳርቻው ነው፤ እሱም ወደ ኋላ እያፈገፈገ ያለ ዳርቻ።

አሜሪካዊቷ ዘመዷ ላይ የደረሰው ይህንኑ ያሳያል። ፍሎሪዳ ውስጥ ኤቨርግሌድስ የሚባል ሰፊ ረግረግ አለ። ሰዎች ቦይ ቆፍረው፣ ግድብ ሠርተው ውሃው መቼ ሞልቶ መቼ እንደሚጎድል በራሳቸው እጅ አደረጉት። ወፏ ውሃው ሲሸሽ ጠብቃ እንቁላል ትጥላለች፤ ጫጩት ከፈለፈለች በኋላ ውሃው ያለ ጊዜው ተመልሶ ሲሞላ ዓሣው ይበተንና ጎጆውን ጥላ ትሄዳለች። አንድ ጥንድ ወፍ ከነጫጩቶቹ በአንድ የመራቢያ ወቅት 200 ኪሎ ገደማ ዓሣ እንደሚያስፈልገው ተገምቷል፤ ያንን በዳሰሳ ለቅሞ ማምጣት ቀልድ አይደለም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1984 ለመጥፋት ከተቃረቡት እንስሳት መዝገብ ገባች፤ ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ2014፣ ደረጃዋ ተሻሽሎ ስጋት ካለባቸው ተርታ ሆነች። ውሃ አልጠፋባትም ነበር። የውሃው መሸሻ ጊዜ ነው የተዛባባት።

የእኛዋ ስም ላይም ስሕተት አለ። ስዊድናዊው ሊኒየስ በ1766 ሳይንሳዊ ስሟን ሲያወጣ ኢቢስ አላት። ኢቢስ የጥንት ግብፆች ያመልኩት የነበረው ሌላ ወፍ ነው። ተምታቶበት ነው፤ ስሙ ግን እስከ ዛሬ አልተነቀለም። መታወቂያ ላይ ስሙ ተሳስቶ ተጽፎበት ለማስተካከል የተመላለሰ ሰው ይረዳታል።

በመጽሐፍ ላይ ያለው የመኖሪያዋ ካርታ ከሴኔጋል ተነሥቶ እስከ ምሥራቅ አፍሪካ፣ ወደ ደቡብ እስከ ደቡብ አፍሪካ፣ ባሕር ተሻግሮም እስከ ማዳጋስካር ምዕራባዊ ክፍል በአንድ ቀለም ተቀብቷል። የኮንጎ ጥቅጥቅ ደን መሐሉ ላይ ባዶ ቀርቷል፤ ሰሐራም እንዲሁ። ይህን ካርታ ሳይ ፈገግ እላለሁ። ከተቀባው መሬት አብዛኛው ደረቅ ነው፤ እርጥቡም ቢሆን አብዛኛው ወይ ጠልቆባታል ወይ ገና አልሸሸላትም። እውነተኛው ካርታ ይሣል ቢባል በየወሩ የሚቀያየር፣ እንደ ክር የቀጠነ መስመር ነበር የሚሆነው፤ በዝዋይ ዳር፣ በቆቃ ዳር፣ በጫሞ ዳር፣ በጣና ዳር።

አፍሪካ ውስጥ 8 ዓይነት ሽመላዎች አሉ፤ ስምንቱም አገራችን ውስጥ ይታያሉ። ከእነሱ መካከል ዝነኛዋ ከአውሮፓ የምትመጣው ነጯ ሽመላ ናት። አውሮፓውያን ክረምት ሲገባ ወዴት እንደምትጠፋ ብዙ ዘመን ሲከራከሩ ኖረው፣ በ1822 ሰሜን ጀርመን ውስጥ አንዲት ሽመላ አንገቷን የወጋ ረጅም የአፍሪካ ጦር ይዛ ተገኘች። ከነጦሯ እዚያ ድረስ በርራ ነበር። ገደሏትና ሬሳዋን አድርቀው ሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ አስቀመጧት፤ ዛሬም እዚያው ናት። ባለ ቢጫ መንቁሯ እንዲህ ያለ ታሪክ የላትም። አህጉር አታቋርጥም። ከአንዱ ኩሬ ወደ ሌላው፣ ከአንዱ መሸሽ ወደ ሌላው መሸሽ ስትል ትኖራለች። "የት ሄደች?" ብሎ የጠየቀላትም ብዙ ሰው የለም።

አሁን ወደ ሂሳቤ ልመለስ።

ከሐረር በአወዳይ በኩል 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ሐሮማያ ይገኛል። በእኛ ቤት እስከ ዛሬ የሚጠራው በድሮ ስሙ ዓለማያ ተብሎ ነው። "ሐሮ" በኦሮምኛ ሐይቅ ማለት ስለሆነ "ሐሮማያ ሐይቅ" ያልን ሰዎች ሁሉ ሐይቁን ሁለት ጊዜ ነው የምንጠራው፤ ሐይቁ በደረቀባቸው ዓመታት ስሙ ብቻ ሁለት ጊዜ ቀርቶ ነበር። የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ እኔ ጋሼ የምለው፣ እዚያ ዳር መሬት ነበረው። ድንች፣ ካሮትና ሽንኩርት ያመርት ነበር፤ ዳር ዳሩን ጫት። ከሁለት ጎረቤቶቹ ጋር አዋጥቶ የገዛው አንድ የውሃ መሳቢያ ሞተር ነበረው። እኔ በበጋ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ እሄድለታለሁ፤ ማታ አንድ እስር ካሮት አስይዞ ይመልሰኛል።

ሥራዬ ወንፊቱ ነበር። ሐይቁ ውስጥ የሚገባው የጎማ ጫፍ ላይ ቆሻሻ እንዳይስብ የታሰረ የሽቦ ወንፊት አለ። እሱ በየሰዓቱ ይደፈናል። ሞተሩ ድምፁ ሲቀየር፣ እንደታነቀ ሰው ሲያጓራ፣ ጋሼ ከማሳው ውስጥ "ወንፊት!" ብሎ ይጮኻል። ሱሪዬን እስከ ጭኔ ጠቅልዬ እገባለሁ። ጭቃው በጣቶቼ መሐል ይወጣል። ወንፊቱን አንሥቼ አልጌውን፣ ጭቃውን፣ ተጣብቀው የቀሩትን የጣት ጥፍር የሚያካክሉ ዓሣዎች በጣቴ እጠርጋለሁ። ዓሣዎቹን ወደ ጎን ስጥላቸው ሽመላዎቹ ይመጣሉ። ነጫጭ፣ ቀይ ፊት፣ ፍጹም ዝም ያሉ። ሽመላ እንደ ሌላው ወፍ የሚያዜም ጉሮሮ የላትም፤ ጎጆዋ ላይ መንቁሯን ከማንኳኳት በስተቀር ብዙም ድምፅ አይሰማባትም። አንዲቱ እስከ አምስት እርምጃ ድረስ ትቀርበኝ ነበር። ልትነጥቀኝ አትሞክርም። እኔ ባደፈረስኩት ውሃ ውስጥ መንቁሯን ከፍታ ትዳብሳለች፤ ቸብ ሲል ብቻ እሰማለሁ። የእኔ እግርና የእሷ እግር አንድ ሥራ ይሠሩ ነበር፤ ያኔ ግን አላስተዋልኩትም።

ሐይቁን የማስታውሰው በጎማ ጥቅል ነው። መጀመሪያ በሄድኩበት ዓመት ከሞተሩ እስከ ውሃው ሁለት ጥቅል ይበቃ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ሦስት ሆነ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሞተሩን ራሱን በእንጨት ተሸክመን በደረቀው ጭቃ ላይ ወደ ውስጥ ካወረድነው በኋላ እንኳ አምስት ጥቅል አልበቃ አለ። በየመጋጠሚያው ውሃ ያፈስሳል፤ ጋሼ በቆዳና በሽቦ ያስረዋል። ወንፊቱን ለመጥረግ የምሄድበት መንገድ እየረዘመ፣ የምገባበት ውሃ እያነሰ መጣ። መጀመሪያ እስከ ጭኔ ነበር። በኋላ ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ብቻ መጠቅለል በቃኝ።

ሽመላዎቹስ? በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ሦስት ነበሩ። ከዚያ አሥር አሥራ አምስት። አንድ የካቲት ቅዳሜ ሞተሩ ናፍጣ ጨርሶ ቆሞ ሳለ ቁጭ ብዬ ቆጠርኳቸው፤ 47 ላይ ስደርስ ተነሥተው ተቀላቀሉብኝ። በሒሳብ ደብተሬ ጀርባ ጻፍኩት። ደብተሩ ጠፍቷል፤ ቁጥሩ ግን እንደ ሂሳብ ቁጥር አእምሮዬ ውስጥ ቀርቷል። ጋሼም ቆሞ ሲያያቸው ደስ ብሎት ነበር። በዚያ ሰሞን ሰዎች ሐይቁ እየቀነሰ ነው እያሉ ይጨነቁ ነበርና እጁን ወደ ወፎቹ ዘርግቶ፣

"ወፍ ካለ ውሃ አለ። ወፍ ከእኛ ይበልጥ ያውቃል" አለኝ።

እኔም አመንኩት። 20 ዓመት ሙሉ ይዤው የኖርኩት ሂሳብ ይህ ነው፤ ያን ያህል ወፍ የነበረበት ሐይቅ እንዴት በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ይደርቃል? ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት የሚለውን ሳነብ ነው መልሱ የገባኝ። ወፎቹ የመጡት ሐይቁ ስለበዛ አልነበረም። ከዳር እስከ ዳር ጉልበት ድረስ ብቻ ስለቀረ ነው። ቀድሞ ለእነሱ የሚሆነው ቀጭን ዳርቻ ብቻ ነበር፤ በመጨረሻ ሐይቁ በሙሉ ዳርቻ ሆነላቸው። ዓሣው የሚሸሽበት ጥልቅ ስፍራ አልነበረውም። እነሱ ዐውቀው ነበር የመጡት፤ ጋሼ እዚያ ላይ አልተሳሳተም። ያወቁት ነገር ግን እኛ የመሰለን አልነበረም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። ውሃው ራሱ ሲሄድም እያሳሳቀ ነበር የሄደው።

ሐይቁን የጋሼ ሞተር አደረቀው አልልም። በዳርቻው ዙሪያ ስንት ሞተር ይጮህ እንደነበር የሰማ ያውቃል። ጫት በበጋም ውሃ ይፈልጋል፤ በበጋ የተለቀመ ጫት ደግሞ ዋጋው ሌላ ነው። የሐረር ከተማም የሚጠጣው ከዚያው ነበር፤ እኔ ቤቴ ውስጥ ቧንቧ ከፍቼ ፊቴን ስታጠብ እንዲሁ የወንፊቱ ማዶ ነበርኩ። ዙሪያው ያለው ተራራ ተራቁቶ በየክረምቱ ጎርፉ አፈር ይዞ እየገባ ወለሉን ከፍ አደረገው። ይህ የአፈሩ ነገር ነው የሚገርመኝ፤ ሰው ሐይቅ ደለል ሞላው ሲል ያዝናል፣ ለሽመላዋ ግን ወለሉ ወደ እግሯ ከፍ ማለቱ ነው። ለጥቂት ዓመታት።

በ1997 ዓ.ም. አካባቢ አለቀ። ወለሉ ተሰነጣጠቀ፤ ከብት ተሰማራበት፣ ልጆች ኳስ ተጫወቱበት፣ ገበሬው ወለሉ ላይ ጉድጓድ እየቆፈረ የቀረውን መሳብ ቀጠለ። ከተማችን የጀሪካን ከተማ ሆነች፤ አህያው ጀሪካን፣ ባጃጁ ጀሪካን፣ ሠርግ ቤት ደጃፍ የሚሰለፈውም ጀሪካን። እናቴ ዕቃ የታጠበበትን ውሃ ለወለል፣ ወለል የታጠበበትን ለሽንት ቤት የምታውልበት ሥርዓት ነበራት፤ ዛሬም አልተወችውም። በኋላ ከድሬዳዋ ወገን ካለው ቆላ የጉድጓድ ውሃ እየተገፋ ዳገቱን ወጥቶ መጣልን። ድሮ ድሬዳዎች ሙቀት ሸሽተው ወደ እኛ ነበር የሚወጡት፤ አሁን ውሃው እነሱ ባሉበት ወገን ተነሥቶ ወደ እኛ ይወጣል።

ሽመላዎቹ ሲሄዱ አላየሁም። ማንም አላየም መሰለኝ። አንድ ቅዳሜ አልነበሩም።

አባ ኮዳ ግን ቀረ። እሱም ሽመላ ነው፤ ከሁሉም ግዙፉ። ክንፉን ሲዘረጋ ከ2 ሜትር ተኩል ያልፋል። ራሰ በራ ነው፤ አንገቱ ላይ የሚንጠለጠለው ከረጢት ስንቅ መያዣ ይመስላል፣ ግን በአየር የሚነፋ ነው እንጂ ምግብ አይገባበትም። እሱ ለውሃ ጥልቀት ደንታ የለውም። ቄራ ይበቃዋል፤ የቆሻሻ ክምር ይበቃዋል። ሐዋሳ ዓሣ ገበያ ሄዶ ያየ ሰው እንዴት እንደ ደንበኛ ተሰልፎ እንደሚጠብቅ ያውቃል። ሰው አባ ኮዳን አይወደውም፤ እኔ ግን ከተማ ውስጥ መኖር የቻለ ዘመድ እንደሆነ እቆጥረዋለሁ። ቤተሰብ ሁሉ እንዲህ ያለ ሰው አለው፤ የትም ቢጥሉት የማይቸገር። ባለ ቢጫ መንቁሯ እንደ እሱ መሆን አልቻለችም። መንቁሯ አንድ ሥራ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ሐሮማያ ተመልሷል። ተራራዎቹ ላይ እርከን ተሠራ፣ ዝናቡም ጥሩ ሆኖ ሰነበተ፤ ውሃው ከዓመት ዓመት ሞላ። ከድሬዳዋ በደንገጎ በኩል ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ መስኮት ሲያዞር አያለሁ፤ ስልክ የሚያወጣ አለ፣ "አልሐምዱሊላህ" የሚል አለ፣ "ተመስገን" የሚል አለ። ባለፈው ዓመት አንድ አዛውንት ከጎኔ ተቀምጠው፣ "ውሃውስ መጣ፤ ወፎቹ ግን እንደ ድሮው አይደሉም፣ ተቀይመውናል" አሉኝ። ማስረዳት ፈልጌ ነበር፤ ሚኒባሱ አወዳይ ደረሰና ወረዱ።

ባለፈው ኅዳር ጋሼን ይዤው ሄድኩ። 70 ሊሞላው ነው፤ በከዘራ ነው የሚሄደው። ሞተሩ ጓሮው ውስጥ ዝጎ ቆሟል፣ ዶሮ ትፈለፍልበታለች። ጎማዎቹን ቆራርጦ የአጥር ማሰሪያ አድርጓቸዋል። የድሮ ማሳው ግማሹ ውሃ ውስጥ ነው፤ ድንች የነበረበት ቦታ ዳክዬዎች ይንሳፈፋሉ። እየተበሳጨም እየተደሰተም ነው የሚያሳየኝ፤ "ያውና፣ ከዚያች ድንጋይ ወዲህ የእኔ ነበር" ይላል፣ ድንጋይዋ ግን አትታይም።

መነጽሩን አወጣሁ። ዳርቻውን ይዤ በቀስታ ስፈትሽ ሣሩ ወደ ውሃ በሚገባበት ቦታ ላይ አንዲት አገኘሁ። ብቻዋን ናት። ውሃው ከቁርጭምጭሚቷ ዝቅ ይላል። መንቁሯን ከፍታ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ትላለች። መነጽሩን ለጋሼ ሰጠሁት። ብዙ ጊዜ ወሰደበት፤ ካገኛት በኋላ ግን አልለቀቃትም።

"አንድ ብቻ?" አለ። "ያኔ እንኳ ስንት ነበሩ።"

"47" አልኩት።

ከዚያ ነገርኩት። ሁሉንም፤ ስለ ጥልቀቱ፣ ስለ ዳሰሳው፣ ዓሣው ስለሚጨናነቅበት ነገር፣ ያን ያህል ወፍ ያየንበት ዓመት ሐይቁ ጉልበት ድረስ ብቻ ስለቀረበት መሆኑን። መነጽሩን ከዓይኑ ሳያነሣ ሰማኝ። ጨርሼ ዝም ስል እሱም ዝም አለ። ቆይቶ፣

"ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርከኝም?" አለኝ።

"13 ዓመቴ ነበር እኮ ጋሼ።"

"እሱስ ልክ ነህ" አለና መነጽሩን መለሰልኝ።

ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ከማዶ፣ ከጫቱ ማሳ በኩል፣ አንድ ሞተር ሁለት ጊዜ አስሎ ተነሣ። ጋሼ ድምፁን አዳመጠ፤ "ወንፊቱ አልተደፈነም፣ ጥሩ ይስባል" አለ። ሽመላዋ ቀና አላለችም።